የአስር ሰዓቱ አምሮት

አንገቴ ላይ ሜትር ሳይንጠለጠል የዋልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳልርቅ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ አስራ ሦስት ዓመት ሰፍቻለሁ። የሰው ደረት፣ ወገብና ዳሌ ስለካ እውላለሁ፤ የራሴን ወገብ ግን አራት ዓመት ሙሉ አልለካሁትም። ቀሚሴ ሲጠበኝ ጎኑን ፈትቼ አሰፋዋለሁ። ሙያዬ ስለሆነ ማንም አያውቅብኝም። የሚለቀቅ ጨርቅ ሲያልቅ ደግሞ አዲስ እሰፋለሁ።

2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳለ፣ እናቴ የስኳር ታማሚ እንደነበረች ስናገር ነርሷ በማግስቱ ምንም ሳልቀምስ እንድመጣ አዘዘችኝ። ተመልሼ ሄድኩ። የደሜ ስኳር 114 ሆነ። «ከ100 በታች ቢሆን ጥሩ ነበር። 126 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ቢገኝ ስኳር በሽታ ነው እንላለን። አንቺ መሀል ላይ ነሽ እህቴ፤ ከዚህ ግን መመለስ ይቻላል» አለችኝ። እኔ የሰማሁት «መሀል ላይ ነሽ» የሚለውን ብቻ ነው። እናቴ በዚሁ በሽታ ሁለት የእግር ጣቶቿን አጥታለች፤ ቁስሏን በየቀኑ የማጥበው እኔ ነበርኩ።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ የነበረውን ስኳር እንዳለ ለጎረቤት ሰጠሁ። ሻይ ያለ ስኳር፣ ለስላሳ እርም፣ ከረሜላ እርም። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ራሴን አመመኝ፣ ከደንበኛ ጋር ተነጫነጭኩ፣ ልጆቼ ላይ ጮኽኩ። በአስረኛው ቀን ሐረር ሰርግ ነበረብን። ደንገጎን ወጥተን፣ በልተን ጠጥተን ስንመለስ አንዷ ዘመዴ ከፈረስ መጋላ የተገዛ ግማሽ ኪሎ ሐልዋ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ከሐረር ባዶ እጅ አይወረድማ።

ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማድቤት ውስጥ ቆሜ ነበር። መብራት አላበራሁም። ሐልዋው የተጠቀለለበት ወረቀት ዘይቱን መጥጦ ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኗል። በጣቴ እየቆረስኩ በላሁ። መጀመሪያ ሄሉ ይሸታል፣ ቀጥሎ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ኦቾሎኒው ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉርሻዎች ጣዕማቸው እስካሁን ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ምንም አልጣመኝም፣ ዝም ብዬ ነው የጨረስኩት። ወረቀቱን ጨብጬ ቆሻሻው ውስጥ ከሽንኩርት ልጣጭ ሥር ቀበርኩት። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። አርባ ዓመት ያለፈኝ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ከማን ነው የደበቅኩት?

በማግስቱ «ዛሬማ አንዴ ተበላሽቷል» ብዬ ሦስት ለስላሳ ጠጣሁ። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። ከሐልዋው ይልቅ የጎዳችኝ እሷ ናት። ግማሽ ኪሎ ሐልዋ የአንድ ሌሊት ነገር ነው፤ «አንዴ ተበላሽቷል» ግን ሦስት ሳምንት ወሰደችብኝ።

ወደ ነርሷ ስመለስ እንደምትቆጣኝ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያምርሽ?» መልስ አልነበረኝም። ሁልጊዜ መሰለኝ አልኳት። «ሁልጊዜ አይሆንም፤ ለአንድ ሳምንት ጻፊና አምጪልኝ፤ የምትበይውን አትቀይሪ፣ ሰዓቱን ብቻ ጻፊ» አለችኝ።

የትእዛዝ ደብተሬን አመጣሁ። በግራው ገጽ የደንበኛ ልክ እጽፋለሁ፤ የቀኙን ገጽ ለዚህ ለየሁት። ጣፋጭ ባማረኝ ቁጥር፣ በላሁም አልበላሁም፣ ሰዓቱን እጽፋለሁ። በሰባት ቀን 31 ጊዜ ጽፌያለሁ። ከዚያ ውስጥ 17ቱ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አስራ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ የወደቁ ናቸው። ዘጠኙ ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ። ጠዋት ላይ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ደብተሩን ሳየው የተሰማኝን እፎይታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ቀኑን ሙሉ ሆዳም የሆንኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጣጣው ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ድሬን የሚያውቅ ሰው አስር ሰዓት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው በሩን ይዘጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ ሱቅ ከፍቶ የሚቀመጥ የለም። እኔም ስድስት ተኩል ላይ ዘግቼ ቤት እገባለሁ፣ ውሃ አርከፍክፌ እጋደማለሁ፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ በላብ ተነክሬ፣ አፌ ደርቆ፣ ራሴን እያመመኝ እነሳለሁ። ጠዋት የበላሁት ሻይ በዳቦ ነው። ምሳ በሙቀቱ ምክንያት አልበላ ብሎኝ ሁለት ጉርሻ ነው፣ አንዳንዴም የለም። እንግዲህ ይህ ሰውነት አስር ሰዓት ላይ የጠየቀው ውሃና ምግብ ነበር። እኔ የሰጠሁት ከጎረቤት ሱቅ ፍሪጅ የወጣ ለስላሳ ነው። ደስ ይላል፣ ነፍስ ይመለሳል፤ ስኳሩ ደም ውስጥ በፍጥነት ይገባል፣ ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን ትለቃለች፣ ትንሽ ቆይቶ ዓይኔ ይከብዳል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ሻይ አምጡልኝ እላለሁ።

ምን ያህል ስኳር እንደሚገባብኝ ያየሁት በዓይኔ ነው፤ እናንተም ሌላውን ምክር ሁሉ ብትተዉ ይህን አንድ ጊዜ ሞክሩት። በቀን አምስት ሻይ እጠጣለሁ፣ እያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ፣ ያ 15 ማንኪያ ነው። አንድ ጠርሙስ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፣ በሻይ ማንኪያ ስምንት ገደማ። ባዶ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ 23 ማንኪያ ስኳር እየቆጠርኩ ጨመርኩበት። እስከ ግማሹ ሞላ። ልጄ መጥታ አየችና «እማዬ፣ ኬክ ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። ያ የአንድ ቀኔ ነበር፣ ሐልዋና ብስኩቱ ሳይቆጠር። አስራ አንድ ቀን ብትደምሩት አንድ ኪሎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በቀን ከ50 ግራም፣ ማለትም ከ12 ማንኪያ ገደማ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ 25 ግራም፣ ስድስት ማንኪያ፣ ዝቅ እንዲያደርግ ይመክራል። ሙሉ ፍራፍሬና ወተት ውስጥ ያለው ስኳር እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ማርና ጭማቂ ግን ይቆጠራሉ። «ማር ነው፣ ጭማቂ ነው፣ አይጎዳም» ብላችሁ ለምትጽናኑ ነው ይህን የምለው፤ እኔም እንደዚያ እጽናና ነበር።

የመጀመሪያ ለውጤ ስኳር መቀነስ አልነበረም፤ መብላት ነበር። ይህ ግራ ሊያጋባ ይችላል። ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይጠና፣ ምሳዬን እዚያው ማሽኑ አጠገብ እበላ ጀመር። ጠዋት ሻይ በዳቦውን በፉል ወይም በእንቁላል ተካሁት። ዳቦው አልቀረም፤ ግን ብቻውን አይደለም። በጾም ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ለእኔ የስኳር ወር ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ቆይቼ የምፈታው በዳቦና በማርማላታ፣ በሦስት ማንኪያ ሻይ ነበር። ጾሙን አልነካሁትም፤ የምፈታበትን ግን ቀየርኩት። መጀመሪያ ሽሮ ወይም ምስር በእንጀራ፣ ሻይ ከዚያ በኋላ። ሆድ ውስጥ ጥራጥሬ ገብቶ ሲቆይ ማርማላታው በራሱ ይረሳል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። የድሬ ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ውሃ ከመጠጣት ሻይና ለስላሳ ይቀናናል። እኔ ሎሚ ጨመቅ አድርጌበት ማታ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ። ዘጠኝ ተኩል ላይ እንደነቃሁ፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ሁለት ብርጭቆ። ከዚያ ከባቢሌ የሚመጣ ቆሎ የሆነ ኦቾሎኒ አንድ እፍኝ፣ ወይም የሽምብራ ንፍሮ። አንድ እፍኝ ብያለሁ፤ ኦቾሎኒም ዘይት ስለሆነ ከነከረጢቱ አጠገቤ አላስቀምጥም።

ከዚህ በኋላም ያምረኝ ነበር፣ አልዋሽም። ግን አምሮት እንደ ሆድ ቁርጠት መሆኑን ተማርኩ፤ ይይዛል፣ ያጠብቃል፣ ይለቃል። በሰዓት ለክቼዋለሁ። እኔ ላይ ሩብ ሰዓት የሞላበት ቀን ጥቂት ነው። ስለዚህ አስር ሰዓት ላይ የምሠራውን ሥራ መርጬ አስቀመጥኩ፦ ዚፕ መግጠም። ዚፕ ሁለት እጅና ሁለት ዓይን ይፈልጋል፤ መርፌው ጥርሱ ላይ ካረፈ ይሰበራል። ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። አንድ ዚፕ ገጥሜ ቀና ስል አምሮቱ ሄዷል፣ ወይም ለዝቦ ቆይቷል። የእናንተ ሥራ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ እጅ የሚይዝ ይሁን እንጂ። ስልክ አይሆንም፤ ስልክ አንድ እጅ ይተዋል።

የሻዩን ነገር በዝግታ ነው የሄድኩበት። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ። ከሦስት ወደ አንድ ለመውረድ ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቀረፋና ቅርንፉድ አብዝቼ አፈላለሁ፤ ሽታው ራሱ የሚጣፍጥ ይመስላል። ሻይ ቤት ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ተጨምሮ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሳዝዝ «ስኳሩን ለብቻ» ማለት ለመድኩ። መጀመሪያ ቀን ልጁ «ታመሻል እንዴ?» አለኝ። አሁን ሳልናገር ለብቻ ያመጣልኛል። በሦስተኛው ወር ዘመድ ቤት እንደ ድሮው የተቀዳ ሻይ ቀመስኩና መጨረስ አቃተኝ። ምላስ ይለምዳል፤ ይህን በወሬ ሲነግሩኝ አላምንም ነበር።

ማታ ማታ የነበረው ግን ሌላ ነው። እሱ ረሀብ አይደለም፤ ድካም ነው። ልጆቹ ሲተኙ፣ ቤቱ ዝም ሲል፣ «አሁን ለእኔ» የምለው ነገር እፈልግ ነበር፣ ያገኘሁት ደግሞ ሐልዋ ነው። ደብተሩን ደጋግሜ ሳይ ከአምስት ሰዓት ላነሰ ጊዜ በተኛሁ ማግስት ምልክቱ እጥፍ ይሆናል። ነርሷ ምክንያቱን ነገረችኝ፤ እንቅልፍ ሲያንስ ራበኝ የሚያሰኘው ሆርሞን ይጨምራል፣ ጠገብኩ የሚያሰኘው ይቀንሳል። በሙቀት ቀን ቤት ውስጥ መገላበጡን ትቼ ፍራሽ ግቢ አውጥቼ በአጎበር መተኛት ጀመርኩ። ይህ ከማንኛውም ምግብ በላይ ረድቶኛል ብል ማጋነን አይደለም።

ስለ በርጫ፣ ስለ ጫት መቃሙ፣ ሳላነሳ ባልፍ ለድሬ ሰው ምንም አልነገርኩትም። ወንድሜ ይቅማል። ጫት ረሀብን ይገድላል፣ ስለዚህ ምሳ አይበላም። ጫት ይመራል፣ ስለዚህ ለስላሳ፣ ከረሜላ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ እየደጋገመ ይወስዳል። ሌሊት እንቅልፍ የለም። ጠዋት ሲነሳ ደክሞታል፣ ሻይ በአራት ማንኪያ። እሱም «አቦ ተይኝ፣ እኔ ጣፋጭ አልወድም» ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ኬክ ዞር ብሎ አያይም። ግን የሱን አንድ ከሰዓት አብረን ቆጠርነው፤ ሁለት ለስላሳና አራት ሻይ፣ ከእኔ የአንድ ቀን ይበልጣል። ጫቱን ተው ብለው አይሰማኝም። ምሳ በልቶ እንዲቀመጥና ለስላሳውን በውሃ እንዲተካ ነው የለመንኩት። ምሳው ተሳክቷል፤ ከለስላሳው አንዷን ትቷል። ጫቱ ራሱ ሌላ ወሬ ነው፣ በዚህ ጽሑፍ አልጨርሰውም።

ሐልዋን ለምን ጨርሰሽ አልተውሽም የሚሉኝ አሉ። ሞክሬዋለሁ፤ መጨረሻው ማድቤት ጨለማ ውስጥ ነው። አሁን የምበላው ሁኔታዎችን አስቀምጬ ነው፦ በብርሃን፣ ተቀምጬ፣ በቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳህን ላይ፣ ከሰው ጋር። እሁድ ቡና ሲፈላ ሁለት ቁራሽ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጉርሻዎች ብቻ እንደሚጣፍጡኝ ስለማውቅ። ቤት ግማሽ ኪሎ አይገባም። ስጦታ ሲመጣ ከፋፍዬ የዚያኑ ዕለት ለጎረቤት ይዳረሳል። ተሳስቼ የበላሁበት ቀንም አለ፣ ባለፈው ፋሲካም ነበር። ያኔ «ከነገ ጀምሮ» አልልም። የሚቀጥለው ምግቤ ምሳ ከሆነ ምሳዬን፣ እራት ከሆነ እራቴን እንደ ወትሮው እበላለሁ። ለመካካስ ብዬ ምግብ አልዘልም፤ የዘለልኩ ቀን አስር ሰዓት እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

አንድ ነገር አደራ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ካላችሁ እኔ ያደረግሁትን ሐኪማችሁን ሳታማክሩ አታድርጉ። ስኳራችሁ ድንገት ወርዶ ላብ ሲያጠምቃችሁና እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ ያቺ ለስላሳ መድኃኒት ናት፤ ያኔ ይከልከል አይባልም። ውሃ ጥሙ የማይቆርጥላችሁ፣ ሽንት የሚያመላልሳችሁ፣ ሳታስቡት የምትከሱ ከሆነ ደግሞ «አምሮት ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፣ ተመርመሩ። ተደብቆ መብላቱ በየሳምንቱ የሚመላለስ፣ በልታችሁ ለማስመለስ የምትሞክሩ ከሆነም በደብተር ብቻ አይወጣም፤ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። እኔ ለነርሷ የሽንኩርት ልጣጩን ነገር ስነግራት አፍሬ ነበር፤ እሷ ግን በጭንቅላቷ እሺ እያለች ጻፈችው።

በስምንተኛው ወር ሳልቀምስ ተመረመርኩ፤ 98። ሜትሩን ከአንገቴ አውርጄ ወገቤ ላይ አዞርኩት። ስጀምር 104 ሴንቲ ሜትር ነበር፣ 95 ሆኗል። ለሴት ከ88 በላይ አሳሳቢ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገና ነኝ። ቁጥሩን በደብተሬ ግራ ገጽ ላይ፣ ከደንበኞቼ ልክ ጋር፣ በስሜ ጽፌዋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ሰው ነበር። ጎረቤቴ ሐረሪ እናት ናቸው፤ ልጆቼን እንደ ልጅ ልጅ ነው የሚያዩዋቸው። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ሲደርስ በሰሃን ሳምቡሳና ሙሸበክ ሳይልኩልን አያልፉም። ሙሸበክ ስኳር ውስጥ የተነከረ ጥብስ ነው፤ ከእሳት ሲወርድ ጠርዙ ይሰባበራል፣ ውስጡ ሽሮፑን ይዞ ይቆያል። ለዓመታት ስድስቱንም ብቻዬን እጨርስ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ተቀብዬ ሳልበላ ሰጠሁት፤ ሰሙና አዘኑ። «እጄን ጠላሽው?» አሉኝ። ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእናቴን ጣቶች፣ 114ን፣ የሌሊቱን ሐልዋ። «እናቴ፣ እጅዎን ጠልቼ አይደለም፣ አንድ ከቀመስኩ ማቆም ስለማልችል ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት ልጄ» አሉና ፀጉሬን ነካ አደረጉኝ።

ባለፈው ረመዳን በመጀመሪያው ቀን ልጃቸው ሰሃኑን ይዞ መጣ። ሳምቡሳው እንደ ወትሮው ብዙ ነው። ሙሸበኩ በሁለት ወረቀት ተለይቶ ተቀምጧል። «ይኼ የልጆቹ ነው ብላለች እናቴ» አለ ልጁ፣ ቀጥሎ ትንሿን ወረቀት አሳየኝ፤ አንዲት ፍሬ ናት። «ይቺ ደግሞ ያንቺ ናት፤ ቁጭ ብላ ትብላ ብላለች።»